ስትሮክ ያልነካው ጸሎት

መምህርቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምራ ጡረታ ወጣች፤ ምላሷ ግን ጡረታ አልወጣም። ሥጋ ሻጩም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም ቀምሰውታል። ከሁሉ አብልጦ የቀመሰው እጇ ላይ ያደገው ታናሽ ወንድሟ ነው። እሱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤትም ስለ ልሳን፣ መንፈስ ይሰጠዋል ስለሚባለው ስለማይታወቅ ቋንቋ፣ አንድ ሙሉ ኮርስ ይሰጣል። የኮርሱ ጭብጥ ባጭሩ፣ አንተ ራስህ የማይገባህን ጸሎት ለእግዚአብሔር ብታቀርብ ምን ይጠቅምሃል የሚል ነው። እሷ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ በየማለዳው በልሳን ስትጸልይ የኖረች ሴት ናት። በተገናኙ ቁጥር ይነታረካሉ።

ከዚያ ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇ ዛለ፤ ቃል ከዳት። የሚባለው ሁሉ ይገባታል፤ ልትመልስ ስትል ግን ከአፏ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ሆነ። የንግግር ሐኪሟ የበር ሥዕል አሳየቻት።

"ማንኪያ።"

የውሻ ሥዕል አሳየቻት።

"ማንኪያ።"

"ደህና ነው እማዬ፣ ሾርባ ከመጣ ተዘጋጅተናል" አለች ልጇ። ሁለቱም ሳቁ።

ልጅቷ ሥራ ስትሄድ ግን ሳቁ ያልቃል። መምህርቷ ብቻዋን ተቀምጣ "አባት ሆይ" ልትል ትታገላለች፤ የሚወጣው ያው ማንኪያ ነው። ለፈጣሪዋ ማንኪያ ማለት አሳፈራትና መጸለይ ተወች። ልሳኑን አልሞከረችም። ፈራች፤ እሱም ጠፍቶ ቢገኝስ? የእጇን መዛል ችላዋለች፤ ጸሎት የሌለበትን ቀን ግን እንዴት እንደምትችለው አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟ መጣ። ወንበሩን ወደ አልጋዋ አስጠጋ።

"እትዬ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው። አንቺ ስትመሪው የነበረውን የረቡዕ የሴቶች ጸሎት የሚመራ ሌላ ሰው ልንመርጥ ነው።"

"ማንኪያ" አለች፣ ዓይኗን አፍጥጣ።

"ማን ጠየቀህ ማለቷ ነው" አለች ልጇ ከበሩ ላይ። "አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።"

እሱ ግን እጇን ያዘ። "እስቲ እኔን ተከትለሽ በይ። ጌታ ሆይ።"

"ማንኪያ።"

ሦስቴ ሞከረች። በሦስተኛው እንባዋ ወረደ።

"ተይው በቃ፣ አትድከሚ። እኔ እጸልይልሻለሁ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ስሚ።"

ዝም ብለሽ ስሚ! ስንቱን ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ግልምጫ ዝም ያሰኘች ሴት! ንዴቷ ፍርሃቷን ጠራርጎ ወሰደው። ዓይኗን ጨፈነች፤ አፏን ከፈተች።

ልሳኑ መጣ። ሳይንተባተብ፣ ሳይደነቃቀፍ፣ አርባ ዓመት እንደምታውቀው ሆኖ እየተንዠቀዠቀ መጣ። ማንኪያ የሚባል ነገር በውስጡ አልነበረም። ለወራት ደረቷ ላይ የተከመረው ሁሉ፣ የእጇ ነገር፣ ልትጠራው ያቃታት የልጇ ስም፣ ኀፍረቷ፣ ምስጋናዋ፣ አንዱም ሳይቀር ወጣ። አእምሮ ቃል ሲያጣ መንፈስ ዝም እንደማይል ማንም ተከራክሮ አላሳመናትም፤ እየሆነ ነው።

ወንድሟ ፊቱ ተለዋወጠ። "ይኼ እኮ የአንጎል ጉዳይ ነው። የለመዱት ነገር በሌላ በኩል ይቀመጣል ይባላል።"

"በየትም በኩል ይቀመጥ ጋሼ" አለች ልጇ። "እግዚአብሔር ካስቀመጠበት ነው ያገኘችው።"

"ጳውሎስ እኮ በልሳን ከሚነገር እልፍ ቃል በአእምሮ የሚነገር አምስት ቃል ይሻላል ብሎ ሲጽፍ..."

"ስለ ጉባኤ ነው የጻፈው። እዚህ ጉባኤ የታለ? ደግሞ እዚያው አንድ መስመር ከፍ ብሎ፣ እሱ ራሱ ከሁሉም አብልጦ በልሳን እንደሚናገር ይናገራል። እሱን በስንተኛው ሳምንት ነው የምታስተምረው?"

በኮርሱ ውስጥ ለዚያች መስመር ሳምንት አልተመደበላትም።

መምህርቷ ክርክሩን ሰምታለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀድማ ትገባበት ነበር፤ ዛሬ የተሻለ ሥራ ይዛለች። ደህናውን ግራ እጇን አነሳችና በወንድሟ ራስ ላይ ጫነች፤ ጸሎቷን ሳታቋርጥ ወደ እሱ አዞረችው። ጎንበስ አለ። አንድም ቃል አልገባውም፤ ሁሉም ስለ እሱ እንደሆነ ግን አወቀ።

"ረቡዕ መኪና ይዤ እመጣለሁ" አለ በመጨረሻ፣ ራሱን ሳያቀና። "የጸሎቱ መሪ አንቺ ነሽ፤ ለሽማግሌዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ሰማችው። እጇን ግን አላነሳችም፤ ገና አልጨረሰችም።