የማን ልጅ ነህ?

ነጯ መኪና ከአስፋልቱ ታጥፋ ወደ ግቢው ስትገባ ላቮን በትልቁ የብረት ድስት ውስጥ የሐይቅ ሩዝ እየቆላች ነበር። መኪናዋን ስታይ ሩዙን የምታገላብጥበትን መቅዘፊያ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

“አገላብጪው እንጂ፣ ሊያርርብን ነው!” አላት አጎቷ ኦርቪል፣ እንጨት ወደ እሳቱ እየገፋ።

“ነገ ነበር እኮ የተባባልነው” አለች ላቮን በሹክሹክታ።

ኦርቪል ቀና ብሎ መኪናዋን አየ። ከሾፌሩ ወንበር አንዲት ወጣት ሴት ወረደችና ከኋላ ሕፃን ልታወጣ ጎንበስ አለች። በሌላው በር ደግሞ ረጅም፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ወረደ፤ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

“ስልሳ ዓመት የጠበቀ ሰው አንድ ቀን መታገሥ አቃተው” አለ ኦርቪል። “በይ እንግዲህ።”

ላቮን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። በክረምት በረዶ ላይ በልጆች የተሞላ መኪና ስትነዳ አትደነግጥም፤ ዛሬ ግን መቅዘፊያውን ለኦርቪል አቀብላ ወደ እንግዶቹ ከመሄድ ይልቅ እጇን ደጋግማ በልብሷ ጠረገች።

ነገሩ የጀመረው በበጋው መጨረሻ በስልክ ነው። ብሪታ የምትባል ሴት ደወለችላት። ምራቋን ለዘር ምርመራ ልካ ውጤቱ ከተማ ከሚኖር የላቮን የአክስት ልጅ ጋር አገናኝቷታል፤ ስልኩን የሰጣትም እሱ ነው። “አባቴ ጉዲፈቻ ነው። ከሰሜን፣ ከእናንተ አገር ነው ያመጡት፣ ገና ሳይድህ” አለች ብሪታ። “እናቱ ሆስፒታል ውስጥ ሞታለች ተብሎ ነው የተነገረው።”

ላቮን ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ከወንበሯ አልተነሳችም። እናቷ ዴልፊን እሷን ከመውለዷ በፊት ዊልፍሬድ የሚባል ወንድ ልጅ እንደነበራት፣ ዴልፊን የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ሆስፒታል ሳለች ሕፃኑ እንደሞተ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። መቃብሩ ኮረብታው ላይ ነው፤ ከላዩ እንደ ደንቡ ትንሽ የእንጨት ቤት ተሠርቶለታል። ላቮን በልጅነቷ ሣሩን ታጭድለት ነበር።

ከዚያ ወደ ኦርቪል ሄደች። ኦርቪል የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። አልካዳትም። የአውራጃው የሕፃናት መሥሪያ ቤት ሴትዮ መጥታ እናታቸውን፣ ላቮን “ኖኮ” እያለች የምትጠራትን አያቷን፣ ምን እንዳለቻት ጠረጴዛ ሥር ሆኖ ሰምቷል። ቤቱ ውስጥ በሽተኛ ነበረ፣ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ልጆች በዝተዋል አለች። ወይ የበሽተኛዋን ሕፃን ስጪን፣ ወይ ትንንሾቹን ሦስቱንም እንወስዳለን። ኖኮ ሕፃኑን ሰጠች። በማግሥቱ የዓሣ ሣጥን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ቀበረች።

ላቮን ለብሪታ፣ “እሑድ ከተማ ካፌ እንገናኝ፤ እስከዚያ ለእናቴ እነግራታለሁ” አለቻት። አልነገረቻትም። በየጠዋቱ አንድ ሰበብ አይጠፋም ነበር፦ እናቷ ደክሟታል፣ ሩዙ ደርሷል፣ ሰው መጥቷል። እውነቱን ግን ልቧ ያውቀዋል። ላቮንን አቅፋ ያሳደገቻት ኖኮ ናት። እናቷ ጨካኝ አልነበረችም፤ ግን ትንሿ ላቮን እየሮጠች ስትመጣ ትከሻዋን ይዛ በክንዷ ርቀት ታቆማታለች፣ በሻሿ ጠርዝ አፏን ትሸፍናለች፣ ፊቷን ታዞራለች። ያኔ ኖኮ ከኋላ እጇን ትዘረጋለች። አሁን ያችን ኖኮ በገዛ አፏ ሌባ ልታደርጋት ነው?

እንግዶቹን ልትቀበል ስትሄድ የእናቷ ድምፅ ቀደማት።

“ገና አልደረሰም!” ብላ ጮኸች ዴልፊን ከጥዱ ሥር። ከበርች ዛፍ ቅርፊት በተሠራ ሰፌድ ሩዝ እያበጠረች ነበር። “የምንሸጠው በሚቀጥለው ሳምንት ነው በሉት! በየዓመቱ ገዢ ሁሉ ከጆሮው በፊት ሆዱ ነው የሚሰማው!”

“ሩዝ ልገዛ አይደለም የመጣሁት፣ እማማ” አለ ሰውዬው። ድምፁ ዝግ ያለ፣ የደቡብ ገበሬ ድምፅ ነው።

“ታዲያ ቆመህ ልታይ ነው? በሩዝ ጊዜ ቆሞ ማየት የለም። ኦርቪል! ጉልበቱ ጥሩ ይመስላል፤ መርገጫው ጉድጓድ ውስጥ አግባው።”

ላቮን ደርሳ ክንዱን ያዘችው። ሰውዬው ራንዳል ይባላል። “አልነገርኳትም” አለችው ጆሮው ሥር። “ነገ ነበር ያልኳችሁ።”

የራንዳል ፊት አመድ መሰለ። “አውቃለሁ። ሆቴል ቁጭ ማለት አልቻልኩም... ልመለስ?”

“አሁንማ ብትመለስ ትከተልሃለች። ሥራ ሰጥታሃለች።”

እንዲህ ሆኖ ራንዳል የሚያብረቀርቅ ቦቲውን አውልቆ የኦርቪልን ለስላሳ የቆዳ ጫማ አጠለቀና በእንጨት የተለበጠችው ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። የተቆላው ሩዝ ከሥሩ ፈሰሰ። ለመደገፊያ የተጋደመውን እንጨት ይዞ መርገጥ ጀመረ።

“እባብ እየገደልክ ነው እንዴ?” አለው ኦርቪል። “ገለባው ይለቅ እንጂ ፍሬው አይሰበር። በጣትህ ጫፍ፣ አሸት፣ አሸት። ወገብህንም ፍታው። እናንተ የደቡብ ሉተራኖች ለጭፈራ የሚሆን ወገብ የላችሁም?”

“በቤተ ክርስቲያን አይፈቀድም ነበር” አለ ራንዳል። ኦርቪል ከልቡ ሳቀ። ብሪታም ሕፃኗን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ፈገግ አለች፤ በዚያች ፈገግታ ውስጥ ላቮን የእናቷን አገጭ አየችና ዓይኗን ሰበር አደረገች።

ዴልፊን ማበጠሯን ቀስ በቀስ ቀነሰች። ሰውዬውን ታየዋለች። ትከሻውን፣ አንገቱን፣ ሲደክመው ራሱን ወደ ግራ ዘንበል የሚያደርግበትን።

“አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?” አለችው።

በዚያ ሐይቅ ዳር ይህ ሰላምታ ነው። ማንም እንግዳ ከስሙ በፊት የሚጠየቀው ይህን ነው፤ ሁለት ስም ከተጠራ በኋላም አንድ ዘመድ አይጠፋም።

ራንዳል እግሩን አቆመ። “የሊንዶች ቤት ነው ያደግኩት፣ እማማ። ደቡብ፣ እርሻ ላይ። ደግ ሰዎች ነበሩ።”

“ማን አሳደገህ አላልኩህም። የማን ልጅ ነህ?”

ራንዳል የያዘውን እንጨት ለቀቀ። ከዚያ ወደ ላቮን ተመለከተ። ዕድሜውን ሙሉ ያን ጥያቄ መመለስ እንዳልቻለ ሰው ነበር አስተያየቱ።

“ያንቺ ነው፣ እማ” አለች ላቮን።

ኦርቪል መቅዘፊያውን ድስቱ ውስጥ ተወው፤ ላቮን ግን ቀጠለች።

“ዊልፍሬድ ነው።”

ዴልፊን ሰፌዱን አንዲት ፍሬ ሳትፈስ በጥንቃቄ መሬት ላይ አኖረች። “ዊልፍሬድ ሞቷል” አለች፤ ልጅ የተሳሳተውን እንደምታርም እናት። “እናቴ ናት የነገረችኝ። አልጋዬ ድረስ መጥታ።”

“አልሞተም። ተወስዶ ነው። ልጁ ናት ያገኘችን፣ ያቻትና። የዘር ምርመራ አለ። ጠይቄ አረጋግጫለሁ።”

“ማን ወሰደው?”

“የአውራጃው ሴትዮ...” አለ ኦርቪል፤ ከዚያ ምላሱን ያዘ። ለላቮን የተከፈተላት በር ነበር። የአውራጃው ሴትዮ ብሎ መተው ይቻላል፤ ውሸትም አይደለም። ኖኮ ኮረብታው ላይ በሰላም ትተኛለች፤ እናቷም የምትረግመው የውጭ ሰው ይሆናል።

ላቮን እናቷ እግር ሥር በርከክ አለች። “ኖኮ ናት የሰጠችው” አለች። “ወይ እሱን፣ ወይ ኦርቪልንና ሁለቱን ሴቶች አሏት። መረጠች። መቃብሩ ውስጥ ማንም የለም።”

“ማንም የለም?”

“የዓሣ ሣጥን ነው” አለ ኦርቪል ዝግ ባለ ድምፅ። “ለሙት ልጅሽ ምግብ እያስቀመጥሽ ስልሳ ዓመት ሽኮኮ ስትቀልቢ ኖረሻል፣ እህቴ።”

ላቮን እናቷ ትጮኻለች ብላ ጠበቀች። ዴልፊን ግን ሐይቁን ነበር የምታየው። በሸምበቆው መሀል ሩዝ የጫኑ ታንኳዎች ይመለሱ ነበር፤ የሰዎቹ ሳቅ በውኃው ላይ ይመጣል።

“መምረጡስ ይሁን” አለች በመጨረሻ። “ሦስት ልጅ ነው። እኔም ብሆን... አላውቅም። ግን ለምን ሞተ አለችኝ? አለ ብትለኝ ምን ነበር?”

“አለ ብትልሽ ከአልጋሽ ተነስተሽ በእግርሽ ትሄጂ ነበራ!” አለ ኦርቪል። “ሐኪሙ ከተነሳች አትተርፍም ብሏት ነበር። እናውቅሽ የለ!”

“በለኛ፣ ልጄን በአፏ ገድላ እኔን አተረፈች።” ዴልፊን ሻሿን ከአገጯ ሥር ፈታች። “እኔኮ በትንፋሼ የገደልኩት መስሎኝ ነበር። ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት እስመው ነበር። ቀኑን ሙሉ እስመው ነበር። ከኔ የተጋባበት ነው፣ እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ...”

ላቮን የእናቷን ጉልበት ጥብቅ አድርጋ ያዘች። የተዞረው ፊት፣ የሻሹ ጠርዝ፣ የክንድ ርቀት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት። የጎደለባት በኖኮ ነበር፤ የሞላላትም በኖኮ። የትኛውን ይዛ የትኛውን እንደምትጥል አላወቀችም።

“ከዚያ ጉድጓድ ውጣ እንጂ” አለች ዴልፊን ድንገት። “ተተክለህ ልትቀር ነው?”

ራንዳል ወጣ። የሩዝ ገለባ እስከ ጉልበቱ ለብሶ ከፊቷ ቆመ። “እኔም እናትህ ሞታለች ነው የተባልኩት” አለ። “አልፈለግኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሞተ ሰው አይፈለግም ብዬ።”

“ሁለታችንም ሞተን ነበር በለኛ።” እጁን ስባ አስቀመጠችው። ፊቱን ወዲህ ወዲያ አዙራ መረመረችው፤ ገበያ ላይ ዕቃ እንደምትመርጥ። “ጆሮህ የአባትህ ነው። እሱም አይሰማም ነበር። ነገ ስትባል ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ትመጣለህ?”

ራንዳል ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና እጇን ግንባሩ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። ሌላውን እጇን ማጅራቱ ላይ አሳረፈችና ቆየች።

ብሪታ ቀረብ ብላ ሕፃኗን አስታቀፈቻት። የዴልፊን እጅ በልማድ ወደ ሻሿ ሄደ፤ ጠርዙን ይዞ እስከ አፏ መጣ። እዚያ ቆመ። እጁ ቀስ ብሎ ወረደ፤ አሮጊቷም ጎንበስ ብላ የሕፃኗን ግንባር ሳመች፤ ደጋግማ፣ ድምፅ እያሰማች፣ ሕፃኗ እስክትነጫነጭ።

ላቮን ተነስታ ወደ ድስቱ ሄደች። ሩዙ ከሥሩ አርሮ ነበር፤ ማንም አላስተዋለም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ ብሏታልም። ግን በዚህ ዕድሜዋ፣ የራሷን ልጆች ድራ፣ በአንዲት ሕፃን ቀናች። ያረረውን ፈቀፈቀች፣ እሳቱን ቀነሰች፣ ለዓይኗ ጭሱን ሰበብ አደረገች።

ውኃ ልትቀዳ በጥዱ ሥር ስታልፍ እናቷ የእጇን አንጓ አፈፍ አደረገቻት።

“አንቺ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው” አለች ዴልፊን ቀና ሳትል። “በበሽታዬ አንቺንም እንዳላጣ።”

“አውቄያለሁ፣ እማ።”

“ዛሬ ነው ያወቅሽው።”

“ዛሬም ቢሆን።”

አንጓዋን ወዲያው አልለቀቀቻትም።

ፀሐይ ከማዘቅዘቋ በፊት የዘመኑ የመጀመሪያ ሩዝ ከዳክዬ ሥጋ ጋር ተቀቀለ። በዚያ ቤት ሕያዋን ከመቅመሳቸው በፊት ለሙታን ይቀርባል፦ ከድስቱ ለያንዳንዳቸው አንድ ማንኪያ በቅርፊት ሳህን ላይ ይወጣና ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ስም የሚጠራው ኦርቪል ነው፤ የምትጨልፈው ላቮን።

ኦርቪል ጉሮሮውን ጠራረገ። “ዊል...” ብሎ ጀመረና ተሳቀቀ። ዘወትር መጀመሪያ የሚጠራው ያ ስም ነበር።

“እሱ ዛሬ በራሱ አፍ ይብላ” አለች ዴልፊን። ራንዳልም ሳይቀር ሁሉም ሳቁ።

ኦርቪል ቀጠለ። አባታቸውን ጠራ፣ የላቮንን አባት ጠራ፣ ሁለቱን እህቶቹን ጠራ፤ ላቮን በየስሙ ጨለፈች። ከዚያ ወደ ዴልፊን ተመለከተ። የቀረው አንድ ስም ነበር፤ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጭራሽ ሳይጠሩት ቢያልፉት ማንም አይናገርም ነበር።

ላቮን ኦርቪልን አልጠበቀችም። “ኖኮ” አለች ራሷ፤ ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ ነክራ ሙሉ አወጣችው።

“ሙሉ አታድርጊው” አለች ዴልፊን።

የላቮን እጅ አየር ላይ ቀረ። እናቷ ሕፃኗን ወደ ትከሻዋ አስጠግታ ሐይቁን ታይ ነበር።

“ግማሽ ይበቃታል። ስለ ሌላው ግማሽ ለከርሞ አስብበታለሁ።”

ላቮን ግማሹን ወደ ድስቱ መለሰች፤ የቀረውን በሳህኑ ጠርዝ፣ ከሌሎቹ ሙታን ምግብ አጠገብ አኖረችው።