መሬት የጠረገው ቀሚስ

ሰፊዋ ወደ ሙዚየሙ የሄደችው ልትሳደብ ነበር፤ ይህንንም ከማንም አልደበቀችም። ደብዳቤው የደረሳት ቀን ለታናሽ እህቷ ጮክ ብላ አነበበችላት። "በዘመኑ የልብስ ክፍል ውስጥ ከሠሩት በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ ቀሚሱ የታላቋ ኮከብ መሆኑን አይተው እንዲፈርሙልን በትሕትና እንጠይቃለን" የሚለው ላይ ስትደርስ ከት ብላ ሳቀች። ያቺን ተዋናይት አሥራ አንድ ዓመት አልብሳታለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሴትዮዋ አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ "እጅሽ ይባረክ" ብላት አታውቅም።

"እፈርምላቸዋለሁ፤ ቆይ ብቻ!" አለች። በምረቃው ዕለት ጋዜጠኛ ይኖራል ተብሏል። እሱ ፊት ቆማ የኮከቢቱን ጉድ አንድ በአንድ ልትዘረግፈው ቆርጣ ነበር።

"እኔም እሄዳለሁ" አለች እህቷ።

"አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ?"

"ቀሚሱን ላየው።"

እህቷ እዚያ የፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ስም አልነበራትም፤ "ቋሚዋ" ነበር የምትባለው። ሥራዋም እንደ ስሟ መቆም ነው። የመብራት ሠራተኞቹ አምፖላቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ በኮከቢቱ ቦታ፣ የኮከቢቱን የመሰለ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ዘርጊ ሲሏት እየዘረጋች፣ ያ ሁሉ እሳት እየነደደባት ሁለትና ሦስት ሰዓት ትቆማለች። ኮከቢቱ በዚህ ጊዜ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ በረዶ የገባበት ውኃ እየጠጣች ማራገቢያ ይራገብላታል። ሁሉም ሲዘጋጅ ቋሚዋን "ዞር በይ" ይሏታል፤ ካሜራው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆማ በአንድም ፊልም ላይ ጥላዋ እንኳ የለም። የተረፋት የእግር ሕመም ነው። አሁን ያለ ተሽከርካሪ ወንበር ከደጅ አትወጣም።

ሙዚየሙ ሰፊዋ ከጠበቀችውም ባሰ። ወለሉ ቀይ ምንጣፍ፣ መብራቱ ሮዝ ነው፤ ከየት እንደሚረጩት የማይታወቅ ሽቶ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ለምረቃው ቀደም ብለው የተጋበዙት ጥቂት ሰዎች ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። የሚያንሾካሹኩለትን ነገር ብታዩት! መስታወት ውስጥ ያለቀ የከንፈር ቀለም አስቀምጠዋል። ሦስት ፀጉር የቀረበት ማበጠሪያ በወርቃማ ትራስ ላይ አስተኝተዋል። አንድ ሙሉ ግድግዳ የያዘው ፎቶግራፍ ላይ ኮከቢቱ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታያለች፤ ከሥሩ "ዓለምን ያንበረከከው ምሥጢራዊ እይታ" ይላል።

"የምን ምሥጢር!" አለች ሰፊዋ፣ ሰው ይስማ አይስማ ግድ ሳይሰጣት። "መነጽር ማድረግ ታፍር ነበር። ፊቷ የቆመውን ሰው ከኮት መስቀያ አትለየውም።"

"እትዬ፣ ቀስ" አለች እህቷ ከወንበሩ ላይ።

ኃላፊው እየሮጠ መጣ። ገና ለጋ ሰው ነው፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ተሸብሽቧል፣ እጅጌው አንዱ ካንዱ ይረዝማል። ሰፊዋ ይህን ኮት ያየች ጊዜ ስለ ልብስ ይህ ሰው የሚናገረውን ሁሉ ላለማመን ወሰነች።

"እማማ! እንኳን ደህና መጡ! ሁላችንም እርስዎን ነው የምንጠብቀው።" እህቷን አላያትም፤ እጀታውን ይዞ ወንበሩን ከመንገድ ገለል አደረገና በሩ አጠገብ ተዋት።

ቀሚሱ የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ብቻውን ነበር። አረንጓዴ ሐር፣ ጀርባው እስከ ወገብ ክፍት፣ ጭንቅላት የሌላት ማሳያ አሻንጉሊት ላይ ተጎትቶ መሬቱን ይጠርጋል። አስጎብኚዋ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ንግግሯን እየተለማመደች ነበር። "ልብ በሉ፣ የቀሚሱ ጠርዝ ሆን ተብሎ እንዲረዝም ተደርጓል። ኮከቢቱ ስትራመድ ምድር ራሷ ልብሷን እንድትስመው ትፈልግ ነበር።"

"ምድር ትሳመው?" አለች ሰፊዋ።

"አሻንጉሊቷን በራሳቸው በኮከቢቱ ልክ ነው ያሠራነው" አለ ኃላፊው በኩራት። "ቁመት፣ ወገብ፣ ደረት፣ አንድ ነገር አላሳሳትንም።"

ሰፊዋ ዓይኗን ወደ ጠርዙ አወረደች። እሷ የሰፋችው ቀሚስ በሴትዮዋ ልክ ላይ መሬት ሊጠርግ አይችልም። በዕድሜዋ ብዙ ነገር ተሳስታለች፤ ባል አመራረጥ ላይ ጭምር። ጠርዝ ላይ ግን ተሳስታ አታውቅም።

"ከሁሉ የሚነካው ደግሞ ይኼ ነው" ቀጠለች አስጎብኚዋ፣ ድምፅዋን እያቅለሰለሰች። "ብብቱ ሥር ነጣ ያለውን ምልክት አያችሁት? የኮከቢቱ ላብ ነው። ለጥበብ ሲሉ በዚያ ሁሉ መብራት ሥር ያፈሰሱት ላብ!" ከተጋባዦቹ አንዷ መሐረብ አውጥታ ዓይኗን ጠረገች።

ሰፊዋ መስታወቱን አስከፈተች። ጎንበስ ብላ ጠርዙን ገለበጠችው፤ ገበሩ ላይ ሦስት ነጠላ የቀይ ክር ስፌቶች አሉ። ሁለቱ ቀሚሶች እንዳይቀያየሩባት የቋሚዋን የምትለይበት የራሷ ምልክት ነበር። እጇን ወደ ብብቱ ሰደደች። ሰዓት ሙሉ እጅ ሲዘረጋ እንዳይቀደድ ብላ የጨመረችው ባለ አራት ማዕዘን ጨርቅ እዚያው አለ። ለኮከቢቱ እንዲህ ያለ ነገር ሰፍታላት አታውቅም፤ እጇን ዘርግታ የማትቆም ሴት ምን ያደርግላታል?

ከኮከቢቱ አራት ጣት የምትረዝመው እህቷ ነበረች፤ ቀሚሱ የእህቷ ነው። ላቡም የእህቷ ነው።

ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እሳት የመሰለ ደስታ ተሰማት። ከዚህ የበለጠ ስድብ ከየት ይገኛል? እነዚህ ሁሉ ከንፈር መጣጮች አጎንብሰው የሚያለቅሱት ስሟን እንኳ ለማያውቋት ሴት ላብ ነው! ጋዜጠኛው ብዕሩን ይዞ አጠገቧ ቆሟል። አፏን ልትከፍት ስትል ግን እንዲያው ነገሩን ለማጣፈጥ ያህል ኃላፊውን ጠየቀችው።

"ልጄ፣ ይኼ ቀሚስ የሷ ሳይሆን ቅጂው ቢሆንስ?"

"ኧረ እማማ፣ አያስደንግጡኝ!" አለ ደረቱን ይዞ። "ቅጂማ ስንት አምጥተውልናል። ሁሉም ታች ምድር ቤት በካርቶን ታሽጎ ነው ያለው። ኮከብ ያልለበሰውን ጨርቅ ማን ሊያይ ይመጣል?"

ሰፊዋ ዞር ብላ በሩ አጠገብ ያለችውን እህቷን አየቻት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ቀሚሱን ትክ ብላ ታየዋለች። እውነቱን ብትናገር ዛሬውኑ ያወርዱታል። ከዘጠኝ ዓመት መቆም የተረፈ ብቸኛ ነገር፣ ሰው ሊያየው መብራት የበራበት ብቸኛ ነገር፣ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ብል ይበላዋል። ዝም ብትል ደግሞ ያቺ ሴት፣ ሞታ እንኳ፣ እህቷን ዞር በይ ብላ ቦታዋን ልትይዝ ነው። ሰፊዋ በሕይወቷ እንዲህ ተቃጥላ አታውቅም።

"አምጣው፣ ልፈርም" አለች።

ፈረመች። ስትፈርም እየዋሸች እንደሆነ ታውቃለች፤ ብዕሩንም እንደ ቆሻሻ ነገር ነው የመለሰችለት።

"ግን አሻንጉሊቷ አጥራለች" አለች። "አራት ጣት ከፍ አድርጋት። ቀሚሱ መሬት የሚነካ አይደለም፤ ምድር ሌላ የምትስመው ትፈልግ።"

ኃላፊው ተደናገጠ፤ የሚከራከርበት እውቀት ግን አልነበረውም። ሠራተኞች የእንጨት ሳጥን አምጥተው ከአሻንጉሊቷ እግር ሥር አስገቡ። ሐሩ ተዘረጋ፣ እጥፋቱ ተቃና፣ ጠርዙም ከወለሉ ከፍ ብሎ ቀጥ አለ። አስጎብኚዋ ሳታስበው "ውይ!" አለች።

ጋዜጠኛው ተጠጋ። "እማማ፣ ይህን ቀሚስ የለበሱት ሴት እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?"

ሰፊዋ ለዚህ ጥያቄ ስንት ሌሊት ተዘጋጅታለች! "ይህን ቀሚስ የለበሰችው ሴት" አለች፣ "እግሯ እስኪያብጥ ትቆም ነበር። መብራቱ ፊቷን ሲልጣት አንድ ቀን ደከመኝ አላለችም። ከሷ የሚበልጥ ሰው አላየሁም።"

ጋዜጠኛው ራሱን እየነቀነቀ "ኮከቢቱ" ብሎ ጻፈ። ሰፊዋ ብዕሩን ቀምታ ዓይኑን ልትወጋው ምንም አልቀራትም።

በዚህ መሐል የፊት በሩ ተከፈተና ሕዝቡ ገባ። ስልኩን ከራሱ በላይ ያነሳ፣ ልጁን የታቀፈ፣ ጫማዋ የሚያነክሳት፣ ሁሉም እየተጋፋ ወደ አረንጓዴው ቀሚስ ተመመ። ቋሚዋ ግን ወንበሯን በራሷ እጅ እየገፋች ቀድማቸው መስታወቱ ሥር ደርሳ ነበር። አስጎብኚዋ በትሕትና ጎንበስ አለችላት።

"እናቴ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን። ሰው ቀሚሱን ማየት አልቻለም።"

ሰፊዋ ደሟ ፈላ። "ዞር በይ ያልሻት እኮ..." ብላ ጣቷን ቀስራ ስትነሳ ጉርዷን ከኋላ የሚይዛት እጅ ተሰማት። እህቷ ነበረች። በሌላው እጇ መንኮራኩሩን ወደ ኋላ እየመለሰች፣ ለሰዉ መንገድ እየለቀቀች፣ ዓይኗን ግን ከብብቱ ነጭ ምልክት ላይ አላነሳችም።

"ተያቸው፣ እትዬ" አለቻት ቀስ ብላ። "ይዩኝ።"