የታሙ ቀኝ ክንድ

ከቀትር ሶላት በኋላ ሐማሙ፣ የሰፈሩ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ጭር ይላል። የጠዋቶቹ ሴቶች ታጥበው ሄደዋል፤ የማታዎቹ ገና ከቤታቸው አልወጡም። ታሙ በሙቁ ክፍል እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቀኝ ክንዷን ልታነሳ ሞከረች። ከደረቷ በላይ እምቢ አለ።

ይህ ክንድ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ጀርባ አሽቶ የኖረ ነው። አሁን ግን ባልዲ ስታነሳ ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር ሄዶ ይወተፋል። የሐማሙ ባለቤት ሐጃ ሩቂያ ጠዋት አይታታለች።

«ነገ ሙሽራ ከነዘመዶቿ ትመጣለች። ካልቻልሽ ንገሪኝና ሌላ ሴት ላስጠራ» ብላታለች።

ሌላ ሴት አንዴ ከገባች እንደማትወጣ ታሙ ታውቃለች።

«ተጋደሚ» አለቻት ኢቶ። ኢቶ አብራት የምታሽ፣ ምላሷ ገላ ከምታሽበት ጓንት የሚሻክር የተራራ ልጅ ናት።

«ምን ሆኜ?»

«ምን ሆኜ ትላለች ደግሞ! ጭልፊት እንዳየች ጫጩት ትከሻሽን ሰቅለሽ እየዞርሽ! ተጋደሚ በአላህ።»

ታሙ ተጋደመች። ኢቶ ሞቅ ያለ ውሃ አፈሰሰችባት፤ ጥቁሩን ሳሙና ቀባቻትና የእጇን አንጓ ይዛ ክንዷን ከፍ አደረገችው።

«ልቀቂው።»

«ለቅቄዋለሁ።»

«ለቅቀሽ ሞተሻል!» ኢቶ ድንገት እጇን አነሳች። ክንዱ ማንም ሳይዘው አየር ላይ ተገትሮ ቀረ።

ሁለቱም አዩት። ኢቶ ሳቋ አመለጣት። ታሙ አፈረች። ቀኑን ሙሉ «አታግዢኝ፣ እጅሽን ለእኔ ተይው» እያለች ሴቶቹን የምትቆጣው እሷው ናት።

«ለምዶብኝ ነው» አለች። እቤት ያለችውን ሽባ አማቷን የምታጥበውም፣ የምታገላብጠውም፣ ለሶላት ደግፋ የምታስቀምጠውም እሷ ናት።

«እሺ፣ አሁን ማንን ተሸክመሻል?»

«አንቺም እኮ ደክሞሻል፣ እህቴ። እከብድሻለሁ።»

ኢቶ ሳቋን ተወች። «ክበጂኛ» አለች ቀስ ብላ። «ክበጂኝ አልኩሽ።»

ከዚያ አላሸቻትም፤ ክንዷን ጭኗ ላይ አሳርፋ ዝም ብላ ያዘችላት። ከጣሪያው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ታሙ ቢስሚላህ ብላ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። መጀመሪያ ጣቶቿ ተፈቱ፤ ቆይቶ ክርኗ። ትከሻዋ ግን የወረደው አኩርፎ እንደ ሰነበተ ሰው እያመነታ ነው።

«ያ አላህ! ይሄ ሁሉ ክብደት የት ነበር?» አለች ኢቶ።

ታሙ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

በማግስቱ ሙሽራይቱ በእልልታ ገባች። ታሙን ክንዷ አሁንም ያማታል፤ ግን ግንባሯ ድረስ ይነሳል። እንደ ድሮው በጉልበት አልገፋችም። እጇን በሙሽራይቱ ጀርባ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ ገላዋ ወደፊት ሲያዘነብል እጇም አብሮ ይንሸራተታል።

«ታሙ፣ ሰነፍሽ እንዴ?» አለች የሙሽራይቱ እናት።

«ተያት እማ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም» አለች ሙሽራይቱ ዓይኗን እንደጨፈነች።

ሐጃ ሩቂያ ከበሩ ላይ ሆና ብዙ አየች። ስለ ሌላ ሴት ምንም አላነሳችም።

«ቶሎ ቶሎ በይ እንግዲህ፣ ዘመዶቹ እየጠበቁ ነው» ብቻ አለች።

«ቶሎ አልልም፣ ሐጃ» አለች ታሙ፣ ቀና ሳትል። «ደክሞኛል።»