ከልቃቂቱ ውስጥ የወጣው ደብዳቤ

"አናሲሞስ ማን ነው?" አለ ካሳ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

የሚጠየቀው ገነነ ነው። የገበሬ ማህበሩ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንድ እግሩ በላላ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ካሳ ከጠረጴዛው ማዶ የቀበሌውን መዝገብ ዘርግቶ በሌባ ጣቱ ስም በስም ይወርዳል። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ገልብጦታል። አናሲሞስ የሚባል የማህበሩ አባል የለም፤ ፊልሞና የሚባልም የለም። ጳውሎስ ግን አንድ ተገኝቶ ነበር፤ የስምንት ወር ሕፃን ሆነ እንጂ።

"እሺ፣ አናሲሞስን ተወው። ይኼ ጳውሎስ የሚሉት የታሰረው የት ነው? እስር ቤት ቁጭ ብሎ 'ማደሪያ አዘጋጅልኝ' ብሎ ይጽፋል። ሊያመልጥ ነው ማለት ነው። ማደሪያውን የምታዘጋጀው አንተ ነህ?"

"እኔ የማዘጋጀው ማደሪያ የለም።"

"ደብዳቤው ግን ያንተ ነው።"

"ከቤቴ ነው የወጣው። መቼ ካድኩ?"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለ ካሳ፣ ወረቀቱን በመዳፉ መታ አድርጎ። "አንተ ብትክድም ባትክድም ወረቀቱ የሚለው ያው ነው።"

ካሳ ክፉ ሰው አይደለም። እሱም እንደ ገነነ ሸማኔ ነው፤ በጨንቻ ደጋ ሸማኔ ያልሆነ ወንድ ከተገኘ ወይ አስተማሪ ነው ወይ በሽተኛ። ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ግን መወርወሪያ የሚጨብጠው እሁድ እሁድ ብቻ ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው። ትናንት የጀመረውን ቡሉኮ ሊጨርስ ሁለት ክንድ ሲቀረው ማጉ አለቀበት። ጎረቤቱ ገነነ ቤት ሄዶ አንድ ልቃቂት ፈትል ተበደረ። ሸማኔ ለሸማኔ ፈትል አይከለክልም፤ ነውር ነው። ገነነ ከቤት ስላልነበረ ሚስቱ አስቴር ከቅርጫቱ ላይ የመጀመሪያውን አንስታ ሰጠችው። ካሳ ፈትሉን ሲፈታ፣ ሲፈታ ልቃቂቱ መሃል ደረሰ። መሃሉ ላይ ታጥፎ የተቀመጠ ወረቀት ነበር።

የእነ ገነነ ጸሎት ቤት ከታሸገ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አሁን የኅብረት ሥራው ገብስ ነው የሚቀመጥበት። መጻሕፍቱ ተለቅመው ሲወሰዱ አንድ ሐዲስ ኪዳን ብቻ ተረፈ። ምእመናኑ ተመካከሩ፤ መጽሐፉ እንዳለ ቢያዝ ሁሉም ነገር ባንድ ቀን ያልቃል። ስለዚህ የሐዋርያትን መልእክቶች አስገልብጠው ተካፈሏቸው። ለአንዱ ቤት ገላትያ ደረሰ፣ ለሌላው ያዕቆብ፣ ለሌላው ጴጥሮስ። ገነነ ማንበብ ስለሚከብደው በጣም አጭሩን ሰጡት፤ ጳውሎስ ታስሮ ሳለ፣ የኮበለለውን ባሪያ አናሲሞስን በሰላም ይቀበለው ዘንድ ለጌታው ለፊልሞና የጻፈውን። በየእሁዱ በአንዱ ቤት እየተሰበሰቡ የዚያን ቤት ደብዳቤ ያነቡ ነበር። ወረቀቱ የሚቀመጠውም፣ ከቤት ቤት የሚዞረውም ፈትል ተጠምጥሞበት ነው። ሸማኔ ልቃቂት ይዞ ቢሄድ ማን ይጠይቀዋል?

ለጥንቃቄ ደግሞ ርእሱንና የጌታን ስም ከደብዳቤዎቹ ሁሉ አውጥተው ነበር። ብልጠት መስሏቸው ነው። ርእሱና ስሙ ሲጎድሉ የቀረው ግን አንድ እስረኛ ስለ አንድ ኮብላይ ለአንድ ባለቤት የጻፈው የምስጢር ደብዳቤ ሆነና አረፈው።

አምስት ሰዓት ገደማ የላንድሮቨር ድምፅ ተሰማ። ጓድ በዛብህ ከአርባ ምንጭ በሳምንት አንድ ቀን የሚወጣ ካድሬ ነው፤ የጎጃም ሰው፣ ቀጭን፣ የደጋው ብርድ የማይስማማው። ካሳ ብድግ አለ።

"ሴራ ነው ጓድ። ስሞቹ ሁሉ የምስጢር ስሞች ናቸው። እዚህ ቀበሌ አንዳቸውም የሉም።"

በዛብህ ወረቀቱን ተቀብሎ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ከመካከሉ ሲደርስ ተቀመጠ። ከዚያ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አንስቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ቀጠለ። ገነነ ይህን አየ፤ ካሳ አላየም።

"ጓድ ካሳ፣ እስቲ ለመኪናው ውሃ አስቀዳልኝ" አለ በዛብህ። በሩ ሲዘጋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልጅ ሆኜ ዲያቆን ነበርኩ። ጳውሎስን በቅዳሴ የማነበው እኔ ነበርኩ። ይህችን ደብዳቤ አውቃታለሁ፣ አባቴ።"

ገነነ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። "እንግዲያው ሴራ አይደለም ይበሉልኛ።"

"እላለሁ። ግን ጓድ ካሳ ትናንት ማታውኑ ሪፖርት ልኳል፤ አርባ ምንጭ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሴራ የሚለውን ሰርዤ ያልተፈቀደ ጽሑፍ ማባዛት ላደርገው እችላለሁ። ስድስት ወር ነው። ሴራ ተብሎ ቢቀር ምን እንደሚመጣ እርስዎም አያጡትም። ታዲያ ያባዛው ሰው ያስፈልገኛል። የማን እጅ ነው?"

በዛብህ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

"የእርስዎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። መዝገቡ ላይ ፊርማዎን አይቻለሁ፤ 'ገ'ን ለመጻፍ አንድ መስመር ይፈጅብዎታል። ይህ የሠለጠነ እጅ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰውየውን ይዘው ይምጡና እርስዎ ወደ ሥራዎ ይመለሱ።"

አስቴር የቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። በዛብህ ያለውን ስትሰማ ደረቷን መታች።

"እጄን ይቁረጠው! ሁለት ልቃቂት ነበር እኮ፤ የቱን ከሥር፣ የቱን ከላይ እንዳደረግኩ ጠፍቶኝ..."

"ተይው አሁን። አንቺ ምን ታድርጊ?"

"የገለበጠችውን አበቡን ውሰዳት" አለች አስቴር ፈጥና። ጠዋት ሙሉ ስታስበው እንደቆየች ያስታውቃል። "ልጅ የላት፣ መሬት የላት። ስድስት ወር ለእሷ ምንድን ነው? አንተ ከሄድክ ድሩ እንደተወጠረ ይቀራል። ልጆቹን በምን ላበላ? ደግሞ አገሩም አንዲት ማና ታሰረች ብሎ አያዝንም።"

ገነነ አልተቆጣትም። እሱም ከቀበሌው እስከ ቤቱ ሲመጣ ይህንኑ ሲያስብ ነበር፤ ቃል በቃል ማለት ይቻላል።

ማና የሚሏቸው ሸክላ ሠሪዎቹን ነው። ቤታቸው ከመንደሩ በታች፣ ከአፈር መቆፈሪያው አጠገብ ነው። ድስታቸውን ሁሉም ገዝቶ ይቀቅልበታል፤ እነሱ በእጃቸው ያቀረቡትን ግን አይበላም፣ ቤታቸውም አይገባም። አበቡ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥራ ከቀበሌው አንደኛ ወጣች። ደብዳቤዎቹን ሁሉ የገለበጠችው እሷ ናት። በጸሎት ቀን ግን የምትቀመጠው በሩ ሥር ነው፤ ሌላው በሳህን ሲበላ የእሷ ድርሻ በኮባ ቅጠል ይሰጣታል። ማንም ክፋት ነው ብሎ አላሰበውም። ከነአካቴው ማንም አላሰበውም።

ሲደርስ አበቡ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ የድስት አፍ ታስተካክል ነበር። ገነነ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ማገር ይዞ፣ የሆነውን ሁሉ ነገራት። እጇ መዞሩን አላቆመም። ነግሯት ሲያበቃ ብቻ ድስቱን አስቀመጠች።

"ሊወስዱኝ ነው የመጡት?"

"ልንገርሽ ነው የመጣሁት።"

"ጋሽ ገነነ፣ ልንገርሽ ብለው ይህን ሁሉ ቁልቁለት አይወርዱም።"

ገነነ የያዘውን ማገር ለቀቀ። አፈረ።

"ያቺን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ገልብጫታለሁ" አለች አበቡ። "በቃሌ ነው የማውቃት። ባሪያው ኮብልሎ ሄዶ ጳውሎስ ዘንድ አመነ። ጳውሎስም ደብዳቤ አስይዞ ወደ ጌታው መለሰው። እንግዲህ ባሪያ አይደለም፣ ወንድምህ ነው፣ እኔን እንደምትቀበል ተቀበለው አለው። ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተቀበለው።"

"የት ላይ ተጻፈ? መልሱ እኮ የለም። እናንተ ስታነቡት ተቀበለው ብላችሁ አሜን ትላላችሁ። እኔ ስገለብጣት ሁልጊዜ የማስበው መንገድ ላይ ያለውን ሰውዬ ነው። ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ የጌታው በር እየቀረበ ነው። ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም።" ጭቃውን ከጣቷ ላይ ጠረገች። "'እህት አበቡ' ትሉኛላችሁ፤ በሩ ሲዘጋ ብቻ ነው። ውጭ ስንገናኝ ጋሽ ገነነ፣ እርስዎ ራስዎ መንገድ ይቀይራሉ። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ አውቃለሁ።"

"አበቡ..."

"አልሄድም አላልኩም። ምሳ ቀምሰው ይሂዱ። ድንች ቀቅያለሁ፤ ፊትዎ ሲታይ እህል የቀመሱ አይመስሉም። ይግቡ።"

ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሰም። ከላይኛው መንገድ ሁለት ሴቶች እንጨት ተሸክመው ይወርዱ ነበር፤ አዩት። ገነነ እግሩን ከአጥሩ ወዲያ ለማሻገር እያሰበ ሳለ አፉ ቀደመው።

"ጠግቤአለሁ" አለ።

አበቡ ራሷን ነቀነቀች እንጂ ቅር ያላት አልመሰለችም። የባሰበትም ይኼው ነው። "እጄን ልታጠብና እንሂድ" ብላ ወደ ጓሮ ዞረች። የውሃው ድምፅ ተሰማው። ጭቃው ቶሎ የሚለቅ አይደለም፤ ደጋግማ ታፈሳለች።

"አበቡ" አላት ከአጥሩ ማዶ።

"አቤት።"

"አትምጪ።"

መልስ ሳይጠብቅ ዳገቱን ተያያዘው። ዳገቱ ላይ ፍርሃቱ መጣ፤ ስለ ድሩ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እስር ቤት ቁንጫ ሳይቀር አሰበ። ሁለት ጊዜ ቆመ። አንዴ ዞሮ ለመመለስ ዳድቶት ነበር፤ ግን ተመልሶ ምን እንደሚላት ጠፋው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። አስቴር ከፊት ናት፤ ጋቢ ይዛለች። በዛብህ ከገነነ ኋላ የሚገባ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠበቀ።

"የታለ ጸሐፊው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንተ ነህ?" አለ በዛብህ፣ በሰው ፊት አንቱታውን ትቶ።

"አዎ ጓድ። ጸሐፊው እኔ ነኝ።"

በዛብህ የተዘጋጀ ወረቀት ገፋለትና ስክሪብቶ ሰጠው። ገነነ ጎንበስ ብሎ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ፈረመ። በዛብህ ፊርማውን ሳያየው ወረቀቱን አጥፎ ማህደር ውስጥ ከተተ።

"ጓድ ካሳ፣ ያልተፈቀደ ጽሑፍ ማባዛት ነው። ስድስት ወር። ቅጹን ሙላለት" አለና ወደ መኪናው ወጣ።

ካሳ ቅር ብሎታል። አንድ ሙሉ ሴራ ከእጁ ወጥቶ ጎረቤቱ ብቻ ቀረለት። ቅጹን እየሞላ ቀና ሳይል ጠየቀ፣ "ስንቅ የሚያመላልስልህ... አስቴር ብዬ ጽፌያለሁ፣ አይደል?"

የወረዳው እስር ቤት እህል አይሰጥም። እስረኛ የሚበላው ከቤቱ የመጣለትን ነው፤ በር ላይ የሚገባውም ስሙ የተጻፈ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስንቁ የሚበላው ግቢው መሃል፣ በሰው ሁሉ ፊት ነው። ከዚያ ግቢ ደግሞ የጨንቻ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ማን ከማን እጅ እንደበላ በማግስቱ ገበያ ላይ ይወራል። ከማና እጅ የበላን ሰው ሽማግሌዎች ከዚያ በኋላ ለነገር አይጠሩትም።

ገነነ በበሩ ወደ ውጭ አየ። አበቡ ከሰዉ ተለይታ አጥሩ ጥግ ቆማለች። አትምጪ ቢላትም መጥታለች፤ እጇ ታጥቧል።

"አስቴርን ሰርዝ" አለ።

አስቴር ቀና አለች። "እኔስ?"

"አንቺ ልጆቹን ትይዣለሽ።" ወደ ካሳ ዞረ። "አበቡ ብለህ ጻፍ።"

"የቷ አበቡ?"

"ሸክላ ሠሪዋ። ያቻት፣ ቆማለች። ትመጪያለሽ አይደል አበቡ?"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። "እመጣለሁ" አለች።

ካሳ ስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። "ገነነ፣ አእምሮህ ጤና ነው? ቅጹ ዝምድና ይጠይቃል እኮ። ምኔ ናት ልትል ነው?"

"እህቴ ናት።"

ካሳ በሩ ላይ የቆሙትን አየ፣ ገነነን አየ፣ ጎንበስ ብሎም ጻፈ።

"ጻፍከው?"

"ጽፌዋለሁ።"

"ጮክ ብለህ አንብብልኝ እስቲ" አለ ገነነ።