ቢጫው ሙሽራ

ሠርጉ ሲቃረብ ሙሽራው ቢጫ ሆነ።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ሰውየው ቀለም ቀቢ ነው፤ እጁ አንድ ሰሞን ሰማያዊ፣ ሌላ ሰሞን ቡናማ ሆኖ ቢከርም የሚገርመው ሰው የለም። በዚያ ላይ የያዘው ሥራ የአንድ ሕፃናት ማቆያ ግድግዳ ቢጫ መቀባት ነበር። መዳፉን በሳሙና አሸ፤ አልለቀቀም። በቲነር አሸ፤ ቆዳው ተላጠ እንጂ ቢጫው ንቅንቅ አላለም። የሥራ ጓደኞቹ ይህን ቀለም የሠራው ፋብሪካ መሸለም አለበት እያሉ ሲያላግጡበት ሰነበቱ። ሳቁ የቆመው አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ካልሲውን ሲያወልቅ ነው። ውስጥ እግሩም ቢጫ ነበር፤ በእግሩ ደግሞ ግድግዳ አይቀባም።

ከመካከላቸው አንዱ፣ አጎቱ በጉበት ሕመም ሲሞት እንዲሁ ቢጫ ሆኖ እንደነበር አስታወሰ። አስታውሶ ዝም ቢል ደግ ነበር፤ ተናገረው።

እጮኛው ወሬውን የሰማችው ከሁሉም በኋላ ነው። ከማቆያው ማዶ ሁለት ሰው ሲገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ጠባብ ጁስ ቤት አላት። ከእሱ ጋር የተዋወቁትም በሯን ሊቀባ መጥቶ ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ሳምንት ሲፈጅበት ነገሩ ገብቷታል። በዚያ ረፋድ በሩ ላይ የቆመው ግን ታላቅ ወንድሙ ነበር። ወንበር ብትስብለት አልቀመጥም አለ፤ ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ ብርቱካን መወደድ አወራ፣ ዙሪያውን ሲዞር ቆይቶ መልእክቱን ዱብ አደረገው። ሙሽራው ሠርጉ ይቅር ብሏል።

«ሌላ ሴት ናት?» አለችው።

«የምን ሴት፣ እህቴ። ታሟል። ሳትጠግበኝ መበለት ላደርጋት አልፈልግም ነው የሚለው። ለእናትሽም ነግሬያቸው መምጣቴ ነው።»

የሳበችለት ወንበር ላይ ራሷ ተቀመጠች። ከዚያ ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቀች። ሐኪም ዘንድ እንዳልሄደ ስትሰማ ብድግ አለች፤ ቆሽቷ አረረ። ሰው ሳይመረመር እንዴት ይሞታል? ሽርጧን ፈታ ማቀዝቀዣው ላይ ወረወረችና ወጣች።

ተከራይቶ የሚኖርባት ክፍል ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ፣ መሰላሉን ለማን እንደሚያወርስ ሲያስብ ደረሰችበት። መዳፉን ዘረጋላት። የእውነት ቢጫ ነው።

«ተነሥ» አለችው። «ካልተነሣህ አዝዬህ ነው የምሄደው። ያኔ ሰፈሩ ሲስቅ ይኖራል።»

ተነሣ።

ሐኪሟ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። መስኮቱ አጠገብ አቁማ የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ሳበች፤ መዳፉን አየች፤ ጫማውን አስወልቃ ውስጥ እግሩን አየች። ከዚያ ምን እንደሚበላ ጠየቀችው። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ሲያገኝ ሥጋ። ጠዋትና ማታ ደግሞ የካሮት ጁስ።

ምን ያህል ብትለው እጮኛውን ሰረቅ አድርጎ አየና አንድ አንድ ጆግ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተጫጨን ጀምሮ።»

እጮኛው አንገቷን ደፋች። ካሮት ለዓይን ጥሩ ነው ሲባል ሰምታ እንደሆነ፣ እንጀራው በዓይኑ ስለሆነ እንዳዘነችለት፣ እንዲበረታለትም ዱባ ስትጨምርበት እንደቆየች በቀጭን ድምፅ አስረዳች።

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ነገሩን አፍረጠረጠችው። የካሮት ቀለም ሰውነት ውስጥ ሲገባ ቫይታሚን ኤ ይሆናል። ሰውነት የሚበቃውን ያህል ይሠራና የተረፈውን ቀለም ቆዳ ሥር ይተወዋል፤ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ይብሳል። ጉበት ቢሆን ኖሮ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ይሆን ነበር፤ የእሱ ግን እንደ ወተት ነው። ጉዳት የለውም፤ ጁሱን ሲተው ቀስ እያለ ይለቃል። የቫይታሚን ኤ ክኒን እንዲህ በጆግ ቢውጥ ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያ ሲበዛ ጉበትን በእውነት ይጎዳል። ለማንኛውም ብላ ደሙን አስመረመረች። ውጤቱ ንጹሕ ነበር።

«ጉበትህ ከእኔ ይሻላል» አለችው። «ለመሆኑ ካሮት ትወዳለህ?»

ቀቢው መዳፉን አገላብጦ አየ። ከዚያ «አልወድም» አለ።

«እና ለምን ጠጣኸው?» አለች እጮኛው።

«አንቺ ነሻ የሰጠሽኝ።»

ሦስቱም ሳቁ። እሱማ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ከሞት የተመለሰ ሰው ሳቅ ነበር። ለሠርጉ ይለቀኝ ይሆን ሲል ጠየቀ። አይለቅህም፣ ቢጫህን ትሞሸራለህ አለችው ሐኪሟ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። እጮኛው ግን የራሷንም ዕንባ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ኮስተር አለች።

«ሂድና ለእናቴ ራስህ ንገራት። እንደ ቅድሙ ሰው ልከህ አይደለም።»

«ምን ልበላት?»

«መዳፍህን አሳያትና ካሮት ነው በላት።»

ጫማውን አጠለቀ። በሩን ከፍቶ ግማሽ አካሉ ከወጣ በኋላ ዘወር አለ።

«ካሮቱ ግን ቀርቷል፣ አይደል?»

«ቀርቷል» አለችው። «ከነገ ጀምሮ ቀይ ሥር ነው።»

የምሯን ይሁን የቀልዷን ሊለይ ፊቷን ቢያይ፣ ቢያይ፣ አልገባው አለ። እየሳቀ ወጣና በሩን ዘጋው።