ጋሽ መብረቅና የሰፈሩ ቧንቧ

«መብረቅ» የበረሃ ስማቸው ነው። ነጻነት ከመጣ ወዲህ የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። ስለ ውሃ ምን ያውቃሉ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ጠመንጃ አንግቶ ተራራ ለወጣ ሰው ቧንቧ ምን ያቅተዋል ተብሎ ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። የሰው ችግር ልባቸውን ይነካዋል፤ ልባቸው ሲነካ ግን ወሬ ይመጣባቸዋል።

ሰፈሩ ውሃ ካጣ ወር ሲያልፈው ሴቶቹ ባዶ ጀሪካናቸውን እንዳንጠለጠሉ እሳቸው ደጅ መጡ። ጋሽ መብረቅ ወንበር አስወጡላቸውና ጀመሩ።

«እኛ በረሃ ሳለን ከቅጠል ላይ ጤዛ እየላስን ነው ይህን ከተማ ነጻ ያወጣነው።»

«ጋሼ፣ በጤዛ አንሶላ አይታጠብም» አለች ልብስ አጣቢዋ ጎረቤታቸው።

ጋሽ መብረቅ ከልባቸው ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው።

ባለቤታቸው በመስኮት ሆነው ሰሙ። እሳቸውም በዚያው በረሃ ታጋይ ነበሩ። ጣሪያቸው ላይ ያለውን ሮቶ የሚሞላው የመሥሪያ ቤቱ ቦቴ ማታ ሲመጣ፣ ሾፌሩን «ለኛ ይቅር፣ ለሰፈሩ አድል» ብለው መለሱት። ለባላቸው ትንፍሽ አላሉም።

የነጻነት በዓል ዕለት ጠዋት ጋሽ መብረቅ ራሳቸውን ሳሙና በሳሙና እንዳደረጉ ውሃው ጭርር ብሎ ቆመ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፎጣ አገልድመው፣ ግድግዳ እየዳበሱ ወጡ። ባለቤታቸው ስልክ ደውለው ጆሯቸው ላይ ያዙላቸው።

«ውሃ መሥሪያ ቤት፣ ምን እንታዘዝ?» አለች አንዲት ልጅ።

«ውሃ ጠፋ። ሳሙና ዓይኔ ገብቷል።»

«ይታገሡ አባባ። ታጋዮቻችን እኮ በረሃ ሳሉ ጤዛ እየላሱ ነው…»

«ማነው ይህን በይ ያለሽ?»

«ኃላፊያችን ናቸው። ለሁሉም የምንመልሰው ይህንኑ ነው። ካላረካዎት ስለ ተራራው የሚባልም አለ።»

ጋሽ መብረቅ በርጩማ ፈልገው ተቀመጡ።

«ለካ ያናድዳል» አሉ።

«ደግሞም ጤዛ አልላስንም» አሉ ባለቤታቸው። «የመንደሩ ሴቶች ውሃ በጀርባቸው ተሸክመው እያመጡልን ነው የጠጣነው። ረሳኸው?»

አልረሱትም ነበር። በንግግር ላይ አላምር ብሏቸው ከተዉት ቆይቶ ነው እንጂ።

ባለቤታቸው ከልብስ አጣቢዋ ግማሽ ጀሪካን ለመኑ። ራሷ ይዛው መጣችና «ጎንበስ ይበሉ ጋሼ» ብላ አፈሰሰችላቸው፤ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነክሳ።

በዓሉ ላይ ሲደርሱ ንግግራቸውን ሌላ ሰው አድርጎላቸዋል። ወደ ክብር ወንበራቸውም አልሄዱ፤ ከኋላ የተቀመጠውን የመሥሪያ ቤታቸውን መሐንዲስ በእጅጌው ጎትተው አወጡት።

«የሰፈራችን ውሃ ምን ሆኖ ነው?»

«ፓምፑ ተቃጥሎ ነዋ። ነግሬዎት ነበር እኮ፤ እርስዎ ግን ስለ ተራራው አጫወቱኝ።»

ጋሽ መብረቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሐንዲሱ ሌላ ወሬ ሊመጣ ነው ብሎ ተዘጋጀ። እሳቸው ግን «አሁኑኑ ሄደን እንየው» ብቻ አሉ።

ፓምፑ ተቀይሮ ውሃው የመጣ ቀን፣ ጋሽ መብረቅ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ደጅ ወጡ። ምናልባት አንድ ሰው አንድ ነገር ቢል ብለው ነው። ሰፈሩ በሙሉ እጥበት ላይ ነው፤ ቀና ያለላቸው የለም።

«ጋሼ» አለች ልብስ አጣቢዋ በመጨረሻ።

«አቤት!» አሉ ኮታቸውን አስተካክለው።

«ከገመዱ ሥር ዞር ይበሉ፤ አንሶላው ያንጠባጥብብዎታል።»

ዞር አሉላት።