ለማሾው የተቀዳው ላምባ

እሳቱ ከማሾ መብራቱ አናት ተወርውሮ ወደ ጣሪያው ሲወጣ ሸዋወርቅ ወደ ኋላ ዘላ ከመደርደሪያው ጋር ተላተመች። ባለሱቁ ራህመቶ አልጮኸም። በር ላይ የተነጠፈውን እርጥብ ጆንያ አንሥቶ ማሾው ላይ ጣለና በሁለት እጁ ተጫነው። ሱቁ በጭስ ታፈነ። መንገደኞች እየሮጡ መጥተው በሩ ላይ ተሰበሰቡ።

"አለቀ፣ አለቀ፣ ሂዱ!" አላቸው ራህመቶ። ከዚያ ወደ ሸዋወርቅ ዞረ። "ሲስተር፣ ይሄን ላምባ ከየት አመጣሽው?"

"ከመሥሪያ ቤት። ዛሬ ጠዋት ነው የቀዳሁት።"

ራህመቶ ከጄሪካኑ ጥቂት ጠብታ አሮጌ ጋዜጣ ላይ አንጠባጠበ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። አብዛኛው እርጥበት እያዩት ጠፋ።

"ላምባ ብቻ ቢሆን ቅባቱ እንዳለ ወረቀቱ ላይ ይቀር ነበር። ይሄ ብዙው በንኖ ሄደ። ቤንዚን አለበት።"

ዘመኑ 1978 ዓ.ም. ነበር። ገበሬው በመንደር ምሥረታ ከየጎጡ እየተሰበሰበ ስለነበር፣ ሸዋወርቅም በማግስቱ ከአዳማ ተነሥታ ከአዋሽ ማዶ ባሉት አዳዲስ መንደሮች ለሁለት ወር በድንኳን ክሊኒክ እንድትሠራ ታዛለች። ከራህመቶ ሱቅ አንድ መብራት እንድትመርጥም ተፈቅዶላታል። ፋኖስ ነፋስ ይችላል፣ ላምባም ይቆጥባል። እሷ ግን የመጣችው ማሾ ልትወስድ ቆርጣ ነው። ዓምና በፋኖስ ያዋለደቻት አንዲት እናት ደም አልቆም ብሏት ነበር። ሸዋወርቅ በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ደሙ ከየት እንደሚመጣ ማየት አልቻለችም። ሴትዮዋ ሳይነጋ አረፈች። ራህመቶ ማሾውን ሊያሳያት ሲል መሞከሪያ ላምባ ስላልነበረው ነው ከራሷ ጄሪካን የቀዱት።

"እንግዲህ ፋኖሱ ይሻለኛል ማለት ነው?"

"ፋኖስም በቤንዚን ይፈነዳል" አለ ራህመቶ፣ የተለበለበ ጣቱን እየነፋ። "መብራቱን በኋላ ትመርጫለሽ። መጀመሪያ ላምባውን ምረጪ።"

ጄሪካኑን ይዛ በአቧራው ውስጥ እየተጣደፈች ወደ መሥሪያ ቤቷ ግምጃ ቤት ሄደች። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ኃይለየሱስ ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ነው የቀራቸው። ጄሪካኑን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው።

"ጋሽ ኃይለየሱስ፣ እስቲ ያሽትቱልኝ።"

አላሸተቱም። ተነሥተው በሩን ዘጉና ቆመው ቀሩ።

"ማንን አቃጠለ?" አሉ ቀስ ብለው።

"ለጥቂት ተረፍን። ያውቁ ነበር ማለት ነው?"

"ባዶ በርሜል ጠፋና ላምባውን የቤንዚን በርሜል ውስጥ አስገለበጥኩት። ባዶ መስሎኝ ነው፣ ከሥሩ ቀርቶበት ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ስቀዳልሽ ሸተተኝ።"

"ሸትቶዎት ሰጡኝ?"

"ምን ልበል፣ ሸዋዬ? የመንግሥት ላምባ አበላሸሁ ልበል? ስኳር የጎደለበትን የግምጃ ቤት ሰውዬ አታውቂውም? አሻጥረኛ ብለው ወሰዱት። ሚስቱ ስንቅ የምታቀብልበትን ቦታ እንኳ እስከ ዛሬ አላወቀችም።"

ሸዋወርቅ ልትቆጣ ስትል አንድ ነገር አሰበችና ድምፅዋ ተለወጠ።

"ከእኔ ሌላ ለማን ቀዱ?"

"ለመሰለች። ለመሠረተ ትምህርቷ አስተማሪ።"

መሰለች በወንጂ መንገድ አለፍ ብሎ በተሠራው አዲስ መንደር ታስተምራለች። አዳራሹ የሣር ክዳን ነው። አርባ የሚሆኑ ገበሬዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶችም ሳይቀሩ፣ ማታ ማታ እዚያ ይማራሉ። ማሾው የሚለኮሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አሁን አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። የመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ መኪና አለቃውን ይዛ አዲስ አበባ ሄዳለች። መንደሩ ስልክ የለውም።

"ይቆልፉና ይነሡ።"

"ወዴት?"

"በጋሪ እንሄዳለን።"

"እኔ ምን አደርጋለሁ? አንቺ ብትነግሪያት—"

"ጋሽ ኃይለየሱስ፣ ይነሡ ብያለሁ!"

ገበያው ዳር ያገኙት ባለጋሪ ገመዳ ፈረሱን ሊፈታ ነበር። "ከጠዋት ሲሠራ ነው የዋለው፣ አይችልም" አለ።

"ሰው ሊቃጠል ነው፣ ገመዳ።"

ገመዳ ሴትዮዋን አየ፣ ሽማግሌውንም አየ። ሌላ ሳይጠይቅ ልጓሙን መልሶ አጠበቀ።

መንገዱ በአገዳ መኪኖች ተሰባብሮ ጋሪው ይንገጫገጫል። ጋሽ ኃይለየሱስ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ግማሽ መንገድ ላይ ከውኃ የሚመለስ የከብት መንጋ ዘጋቸው። ገመዳ ወርዶ በኦሮምኛ እየጮኸ ከእረኞቹ ጋር ከብቶቹን ገፋ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። ሸዋወርቅ ሰዓቷን ማየት ተወች፤ ባየችው ቁጥር ጋሪው የቆመ እየመሰላት ነው።

መንደሩ ሲታይ ፈረሱ አረፋ ደፍቆ ቆመ። ሸዋወርቅ ዘላ ወረደችና ሮጠች። በአዳራሹ መስኮት ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል ስታይ ይበልጥ ፈጠነች። ማሾውን የሚያሞቀው ስፒሪት ተለኩሷል።

"መሰለች! እንዳትነኪው!"

መሰለች ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ፓምፑን ይዛለች። ድምፁን ሰምታ ቀና ስትል ሸዋወርቅ በተማሪዎቹ መካከል ጥሳ ደረሰች፤ ነጠላዋን ጠቅልላ ነበልባሉ ላይ ጫነችው። ነጠላው ተቃጠለ፣ መዳፏም ተለበለበ፤ እሳቱ ግን ጠፋ።

"ምን ሆነሻል? አበድሽ እንዴ!" አለች መሰለች።

"ቤንዚን ነው። ሁሉንም አስወጪ።"

ተማሪዎቹ ልጆቻቸውን አቅፈው ወጡ። ላምባው ከመንደሩ ራቅ ብሎ ጉድጓድ ውስጥ ተደፋ። ጋሽ ኃይለየሱስ እያለከለኩ የደረሱት ይኼኔ ነው። ልጅ ያዘለች ሎሚ የምትባል ተማሪ፣ ከከተማ ድረስ ሊያድኗቸው የመጡ ሽማግሌ መሆናቸውን ሰምታ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። ጋሽ ኃይለየሱስ እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

መሰለች የመዝገብ ደብተሯን አመጣች። "ላምባው ለምን እንደተደፋ መጻፍ አለብኝ። ነገ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ይጠይቀኛል።"

"ጄሪካኑ ቀዳዳ ነበረው በይ፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ኃይለየሱስ።

መሰለች ሸዋወርቅን አየቻት።

"በርሜሉ ውስጥ ስንት ቀርቷል?" አለች ሸዋወርቅ።

"ግማሽ። ነገ ማልጄ እደፋዋለሁ፣ በማርያም!"

"ጠዋትም ሸትቶዎት ነበር።"

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ሸዋወርቅ ሁለቱን መዘነች። ቀዳዳ ነበረው ቢባል ሰውየው ይድናሉ፤ በርሜሉ ግን እዚያው ይቆማል። ነገ ፈርተው ሳይደፉት ቢቀሩስ? እውነቱ ቢጻፍ ደግሞ ማን እንደሚያነበው አይታወቅም። ደብተሩን ተቀብላ በተለበለበ እጇ ጻፈች።

"ላምባው በስህተት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሏል። አቶ ኃይለየሱስ ይህንኑ ራሳቸው አምነው፣ ከከተማ በጋሪ መጥተው አስደፍተዋል። በርሜሉም እንዲደፋ። እኔ አብሬ ነበርኩ።"

ከሥሩ ሙሉ ስሟን ጽፋ ፈረመችና እስክሪብቶውን ዘረጋችላቸው።

"አሻጥር ቢሉኝስ?"

"እኔንም አብረው ይጠይቁኛል፤ ስሜ እዚያ አለ። ነገ በርሜሉን አብረን እንደፋለን። እኔ የምወስደው ማሾውን ነው። ንጹሕ ላምባ እስካገኝ ግን ጉዞዬ ይቆያል።"

"ትእዛዝ አይደለም ወይ ጉዞው?"

"ነው።"

ጋሽ ኃይለየሱስ በመጨረሻው ብርሃን ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ደብተሩን የአዳራሹ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ፈረሙ።